የልብ ሕሙማንን የአደጋ ሥጋት የሚያመለክቱ የደም ምርመራዎች

አርባ ምንጭ፦ የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋማ ሥፍራዎች ተነሥቶ በአርባ ምንጭ ከተማ አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይፈስሳል። በከተማው ዝናብ ሳይጥል ወንዙ ደፍርሶና ሞልቶ ከወረደ፣ የአካባቢው ነዋሪ ወደ ተራራው መውጣት ሳያስፈልገው በደጋው ከባድ ዝናብ መጣሉን ይረዳል፤ ይጠነቀቃልም። ሐኪሞች የልብ ሕመምተኛን ደም የሚመረምሩበት ምክንያትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልብ ሲጎዳ፣ ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ወይም ለሌሎች የሰውነት ክፍሎች በቂ ደም ማዳረስ ሲያቅተው በደም ውስጥ የሚታዩ ለውጦች አሉ። እነዚህ ለውጦች የደም አመልካቾች ወይም በሕክምናው አጠራር ባዮማርከሮች ይባላሉ።

የደም አመልካቾች ጥቅም በሽታን መለየት ብቻ አይደለም። ከታመሙት መካከል የትኛው ሕመምተኛ አስቸኳይ ክትትል እንደሚያስፈልገውና የትኛው ቤቱ ሆኖ መታከም እንደሚችል ለመወሰን ያግዛሉ። ይህ ውሳኔ አልጋ፣ ባለሙያና መድኃኒት ውስን በሆኑበት ሥፍራ ከፍተኛ ትርጉም አለው። ከጨንቻ፣ ከዶርዜ ወይም ከቦንኬ ተነሥቶ ለሕክምና ወደ አርባ ምንጭ ለሚወርድ ቤተሰብም የጊዜና የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከጨንቻ ደጋ የመጡ የ50 ዓመት እናት እንውሰድ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ሌሊት ትራስ ደራርበው ካልሆነ መተኛት አይችሉም፤ እግራቸው አብጧል። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሕመሙ የልብ ነው ወይስ የሳንባ የሚለውን ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው የሕመምተኛዋ ሕይወት ምን ያህል አደጋ ላይ ነው የሚለውን ይሆናል። የደም ምርመራ ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ በመስጠት ረገድ ድርሻ አለው።

የችግሩ ስፋት

የልብና የደም ሥር በሽታ የከተማና የባለጸጋ ሕመም ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። በደማቸው ያለው የስኳር መጠን ከፍ ያለው 5.9 በመቶ፣ የኮሌስትሮል መጠናቸው ከፍ ያለው ደግሞ 5.2 በመቶ ነበሩ።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2009 በአርባ ምንጭ ዙሪያ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አቋቁሟል። በዚሁ ጣቢያ ክልል የደም ግፊትንና ሌሎች አጋላጭ ሁኔታዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች ተካሂደዋል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሕሙማንን የተከታተለና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ ጥናት የአህጉሪቱን ገጽታ በግልጽ አሳይቷል። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር። በምዕራባውያን አገሮች የልብ ድካም በአብዛኛው የሚያጠቃው 70 ዓመት ያለፋቸውን ነው። ለሕመሙ መነሻ ከሆኑት መካከል ከፍተኛ የደም ግፊት 45.4 በመቶ፣ ሩማቲክ የልብ ሕመም 14.3 በመቶ ድርሻ ሲኖራቸው፣ የልብ ደም ሥር መጥበብ ያስከተለው 7.7 በመቶ ብቻ ነበር። በ180 ቀናት ውስጥ 17.8 በመቶ የሚሆኑት ሕይወታቸው አልፏል።

እነዚህ አሐዞች ስለ ደም ምርመራ ለሚነሣው ጉዳይ መሠረት ናቸው። ብዙዎቹ አመልካቾች የተጠኑት የሕመሙ መንስኤም የሕሙማኑ ዕድሜም በሚለይባቸው አገሮች በመሆኑ፣ ውጤታቸው ሲነበብ የአካባቢውን ሁኔታ ማገናዘብ ይገባል።

ትሮፖኒን፦ የልብ ጡንቻ ጉዳት ምልክት

ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። ዘወትር የሚገኘው በጡንቻው ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳል። በመሆኑም በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለውን ድንገተኛ የልብ ሕመም ለመለየት ቀዳሚው የደም ምርመራ ሆኗል።

ወደዚህ ደረጃ የተደረሰው በሂደት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ተመራማሪዎች ልቡ የተጎዳ ሰው ደም ውስጥ አንድ ኢንዛይም ከፍ እንደሚል አመለከቱ። ይሁንና ይኸው ኢንዛይም በጉበት ሕመምም ስለሚጨምር አሳሳች ነበር። ኋላ ላይ ሲኬ-ኤምቢ የተባለው ምርመራ ተተካ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የድንገተኛውን የልብ ሕመም ትርጉም በጋራ ሲያሻሽሉ ትሮፖኒንን ዋነኛ መለያ አደረጉት።

በመደበኛው ምርመራ ትሮፖኒን በደም ውስጥ ጨምሮ የሚታየው ጉዳቱ ከደረሰ ከ3 እስከ 6 ሰዓታት በኋላ ነው። ከዚያም ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የደረት ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተወሰደ ደም ትሮፖኒን አላሳየም ማለት ልብ አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ ምርመራው ከሰዓታት በኋላ መደገም አለበት። ሁለተኛ፣ በመንገድ ርቀት ምክንያት ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪም ፊት የቀረበ ሕመምተኛም ምርመራው ሊጠቅመው ይችላል።

የትሮፖኒን መጠን ከፍ ባለ ቁጥር የሞት ሥጋትም ከፍ እንደሚል ተረጋግጧል። ነገር ግን የኩላሊት ሕመም፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ በሳንባ የደም ሥር የሚፈጠር የደም መርጋትና የልብ ድካም ራሱ ትሮፖኒንን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከሕመሙ ታሪክና ከኢሲጂ ምርመራ ጋር መነበብ ይኖርበታል። ኢሲጂው የልብ ደም ሥር መዘጋቱን በግልጽ ካሳየም የደም ውጤት እስኪደርስ ሕክምና አይዘገይም።

ቢኤንፒ፦ የተለጠጠ ልብ የሚያመነጨው ሆርሞን

ልብ ደምን የማመንጨት ሳይሆን የመርጨት አካል ቢሆንም ሆርሞንም ያመነጫል። ግድግዳው ከመጠን በላይ በደም ሲወጠር ቢኤንፒ የተባለውን ሆርሞን ይለቅቃል። የሆርሞኑ ተግባር ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲያስወግድ በማድረግ የልብን ሸክም ማቃለል ነው። ሆርሞኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን ተመራማሪዎች ሲሆን፣ የተገኘው ከአሳማ አንጎል በመሆኑ ስያሜው ከአንጎል ጋር ተያይዞ ቀርቷል። በአሁኑ ጊዜ ኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ የሚባለው ተጓዳኙም በስፋት ይለካል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነና ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 1,586 ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 100 ፒኮግራም የሚለው የቢኤንፒ መጠን የልብ ድካምን ከሌሎች ሕመሞች በ83 በመቶ ትክክለኛነት መለየቱን አሳየ። ከዚህ መጠን በታች ከሆነ ትንፋሽ ያሳጠረው ድንገተኛ የልብ ድካም የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው። ለኤንቲ-ፕሮ-ቢኤንፒ ተመሳሳዩ ወሰን 300 ነው።

ይህ አመልካች የልብ ድካም ያለበትን ሰው ቀጣይ ሁኔታ ለመገመት ከሁሉም ይበልጥ ከሚታመኑት አንዱ ነው። በተለይም ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ መጠኑ ካልቀነሰ ተመልሶ የመግባቱም ሆነ የመሞቱ ሥጋት ይጨምራል። ሆኖም በዕድሜ መግፋት፣ በኩላሊት ሕመምና በልብ ምት መዛባት መጠኑ ከፍ ይላል፤ ከመጠን በላይ ውፍረት ባለባቸው ሰዎች ደግሞ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ቁጥሩን ብቻ መከተልም ውጤት አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ሕክምናን በዚህ አመልካች መጠን እየመሩ መስጠት ከተለመደው ጥሩ ሕክምና የተሻለ ውጤት አላስገኘም። በአንጻሩ አፍሪካውያን ሕሙማንን ጭምር ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተደጋጋሚ እየታዩ መድኃኒታቸው በፍጥነት ሲስተካከል በ180 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት ወይም ተመልሰው የሚተኙት ከ23.3 በመቶ ወደ 15.2 በመቶ ዝቅ ማለታቸውን አረጋግጧል። በጥናቱ የደም ምርመራው ጥቅም መድኃኒቱን በደኅና መጨመር ይቻል እንደሆነ ማሳየት ነበር። ሕይወት ያተረፈው በቅርብ የተደረገው ክትትል ነው።

ሲአርፒና ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖረው ትርጉም

ሲአርፒ በጉበት የሚመረትና በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚያመለክት ፕሮቲን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1930 ነው የታወቀው። የደም ሥር መጥበብ የስብ መከማቸት ብቻ ሳይሆን የመቆጣት ሂደትም መሆኑ ሲታወቅ፣ አነስተኛ መጠንን የሚለካ የሲአርፒ ምርመራ የልብ ሕመም ሥጋትን ለመገመት ሥራ ላይ ዋለ። በአንድ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች ዝቅተኛ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 በላይ ከፍተኛ ሥጋት ተደርጎ ይወሰዳል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ሌላ ሕመም በሌለበት ሰው ላይ ነው። ወባ፣ የሳንባ ምች፣ የቆሰለ እግር ወይም የጥርስ ኢንፌክሽን ሲአርፒን በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርጋሉ። የስምጥ ሸለቆው ቆላማ ክፍል ወባ የሚገኝበት በመሆኑ፣ ትኩሳት ባለበት ሰው ላይ የተገኘ ከፍተኛ ሲአርፒ ስለ ልቡ የሚናገረው ነገር የለም። መጠኑ ከ10 በላይ ከሆነ በቅድሚያ ኢንፌክሽን መፈለግ፣ ሕመምተኛው ከዳነ በኋላም ምርመራውን መድገም ይገባል።

ተራ የሚመስሉት ምርመራዎች

ስለ አዳዲስ አመልካቾች ብዙ በሚነገርበት ወቅት በብዙ ሆስፒታሎች ለዓመታት ሲሠሩ የቆዩት ምርመራዎች ይዘነጋሉ። ከላይ የተጠቀሰው የ9 አገሮች ጥናት ክትትል በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። በ180 ቀናት ውስጥ የሚከሰት ሞትን ቀድመው ካመለከቱት መካከል የደም ግፊት መጠን፣ የልብ ምት ፍጥነት፣ ተኝቶ መተንፈስ አለመቻልና የእግር እብጠት ይገኙበታል። ከደም ምርመራ ውጤቶች ደግሞ የኩላሊት ድክመትን የሚያሳየው የዩሪያ መጠን፣ የደም ማነስና የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ተጠቃሽ ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልብ ሲደክም ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ዩሪያና ክሪያቲኒን በደም ውስጥ ይከማቻሉ። የክሪያቲኒንና የፖታሲየም ምርመራ ለልብ ድካም የሚሰጡ መድኃኒቶችን መጠን ለመወሰንም አስፈላጊ ነው።

የሄሞግሎቢን ምርመራም እንዲሁ ነው። ደም ያነሰው ሕመምተኛ ልቡ ያንኑ ኦክስጅን ለማዳረስ አብዝቶ መሥራት ይኖርበታል። የደም ማነስ በወንዶች ከ13፣ በእርጉዝ ባልሆኑ ሴቶች ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ተብሎ ቢወሰንም፣ ይህ መጠን ለባሕር ወለል ከፍታ የተቀመጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ ሰዎች ከ1 ግራም በላይ ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። በመሆኑም በቆላው ነዋሪ ላይ ደኅና የሚመስል ቁጥር ከከፍተኛው የጋሞ ደጋ በመጣ ሰው ላይ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የደም ማነሱ መንስኤ የብረት እጥረት፣ ወባ ወይም የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ከሆነ ሊታከም የሚችል መሆኑም የምርመራውን ጥቅም ያጎላዋል።

የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራዎችም የወደፊቱን ሥጋት ይጠቁማሉ። በተለይ ኤልዲኤል የሚባለው የኮሌስትሮል ዓይነት የደም ሥር መጥበብን ከሚያስከትሉት መካከል ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ በደረሰበት ሰው ላይ ዝቅ ማለቱ የሕክምናው ዋና ግብ ነው።

የልብ በር ሕሙማንና የደም ምርመራ

በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች ቀዳሚው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ሲሆን፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያደርገው ጥረት የልብ በሮችን ያቆስላል። በኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች በልብ አልትራሳውንድ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ከታተመላቸው ተማሪዎች መካከል ከ1,000ዎቹ 19ኙ ሕመሙ ተገኝቶባቸዋል።

በዚህ ሕመም ረገድ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚተረጎመው ኤኤስኦ የተባለው ምርመራ ነው። ኤኤስኦ የሚያሳየው ሰውየው በቅርቡ በባክቴሪያው መጠቃቱን እንጂ ልቡ መጎዳቱን አይደለም። ጤነኛ በሆኑ ብዙ ልጆችም ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ምርመራ ብቻ አንድን ልጅ የልብ ሕመምተኛ ማለትም ሆነ ለዓመታት የሚዘልቅ የፔኒሲሊን መርፌ ማስጀመር ተገቢ አይደለም። የልብ በር ጉዳትን የሚያረጋግጠው የልብ አልትራሳውንድ ነው። በአልትራሳውንድ የተረጋገጠበት ልጅ ግን በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠውን መርፌ ማቋረጥ የለበትም።

የልብ በራቸው በሰው ሠራሽ ለተተካ ወይም የልብ በር ጥበትና የምት መዛባት ላለባቸው ሕሙማን ከሁሉም የላቀው የደም ምርመራ አይኤንአር ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል። የምት መዛባት ላለበት ከ2 እስከ 3፣ በግራ በኩል ባለው ሚትራል በር ምትክ ሰው ሠራሽ ብረት ለገባለት በአብዛኛው ከ2.5 እስከ 3.5 ሊሆን ይገባል። ከዚህ ዝቅ ካለ ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያስከትል፣ ከፍ ካለ ደግሞ የደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3,343 የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን ያካተተ ጥናት መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ዓመት መሆኑን አመልክቷል። የደም ማቅጠኛ ከታዘዘላቸው መካከል አይኤንአራቸው በተገቢው መጠን ላይ የተገኘው 28.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዋርፋሪንን ክትትል በማያሻው አዲስ መድኃኒት መተካት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናትም በሩማቲክ ልብ ሕሙማን ላይ የተሻለው ዋርፋሪን መሆኑን አሳይቷል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ሕክምና ማዕከል ቀዶ ሕክምናን ወደ አገር ውስጥ አምጥቷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን የሕሙማኑ ሕይወት የሚጠበቀው በመኖሪያቸው አቅራቢያ በሚደረግ የአይኤንአር ክትትል ነው።

ላቦራቶሪ በሌለበት

የደም ምርመራ አለመኖር ሥጋትን ላለመገመት ምክንያት አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው ሠንጠረዥ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ዓመት ለሆኑና ከዚህ ቀደም የልብ ሕመም ላልደረሰባቸው ሰዎች የ10 ዓመት ሥጋትን ያሰላል። ሠንጠረዡ በሁለት መልክ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አንደኛው ኮሌስትሮልንና የስኳር ሕመምን ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ዕድሜን፣ ጾታን፣ ሲጋራ ማጨስን፣ የደም ግፊትንና የክብደትና የቁመትን ምጣኔ ብቻ የሚጠቀም በመሆኑ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሠራ ይችላል። አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ግን ሠንጠረዥ ሳያስፈልገው በከፍተኛ ሥጋት ላይ እንዳለ ይቆጠራል።

ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ሊያደርጉት የሚገባ

ሕሙማን እያንዳንዱን የምርመራ ውጤት ከነቀኑ ማስቀመጥና ሐኪም በተቀየረ ቁጥር ይዘው መቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ከአንድ ቁጥር ይልቅ በጊዜ ብዛት የታየው ለውጥ የበለጠ ይናገራልና። የመለኪያ መሣሪያዎች ስለሚለያዩም ውጤቱን ማነጻጸር የሚሻለው በአንድ ላቦራቶሪ ከተሠራው ጋር ነው።

የደረት ሕመም የጀመረበትን ሰዓት መያዝ፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባሕል መድኃኒትንም ጨምሮ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች እንደ ጎመንና በአካባቢው በስፋት የሚበላው ሀለኮ ወይም ሽፈራው ያሉ ቅጠሎችን ፈጽሞ መተው አይጠበቅባቸውም። ይሁንና ቅጠሎቹ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው በየሳምንቱ የሚመገቡት መጠን ተቀራራቢ እንዲሆን ይመከራል። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ፣ ካረገዘችም ወዲያውኑ ሐኪም ማማከር ይኖርባታል።

ወደ ጨንቻዋ እናት ስንመለስ፣ ቢኤንፒ ቢሠራላቸው ትንፋሽ ያሳጠራቸው ልባቸው ስለመሆኑ ጠንካራ ፍንጭ ይገኛል። ባይኖርም ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ፣ ሳንባቸውን አዳምጦ፣ እብጠታቸውን ተጭኖ፣ ሄሞግሎቢንና ክሪያቲኒን አሠርቶ ሥጋታቸው ከፍተኛ ይሁን ዝቅተኛ ለመለየት የሚያስችል ብዙ መረጃ ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው በሳምንት፣ በሁለት ሳምንትና በወር ተመልሰው መታየታቸው ነው። የደፈረሰው ወንዝ ስለ ዝናቡ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ሰውን የሚያድነው በወቅቱ ሲጠነቀቁ እንደሆነ ሁሉ፣ የደም አመልካችም ሕይወት የሚያተርፈው ክትትልና ሕክምና ሲከተለው ነው።